ልጁ እያነበበ ነው ወይስ ሸምድዶ ነው? ለሆምስኩል ወላጆች የንባብ መለኪያዎች ንጽጽር

ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር ሰዎች ስንገናኝ ሂሳቡም ሳይንሱም ይቆይና ወሬው ዞሮ ዞሮ ንባብ ላይ ነው የሚያርፈው። «የእናንተው የት ደረሰ?» ይባላል፣ አንዷ «ሌቭል ጄ ገብቷል» ትላለች፣ ሌላው «አፑ ሁለተኛ ክፍል ነው ይለዋል» ይላል፣ ሶስተኛዋ ዝም ትላለች ምክንያቱም የሷ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶት ገና «ካት» እና «ማት» ላይ ነው። እዚህ ላይ ማንም ልብ የማይለው ሶስቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር መሆኑን ነው። ትምህርት ቤት ቢሆን አስተማሪዋ ሃያ ምናምን እኩያ ልጅ በአንድ ላይ ስለምታይ ማን እንደዘገየ በአይኗ ብቻ ታውቀዋለች፣ እኛ ጋ ግን ያለው አንድ ልጅ ነው ቢበዛ ሶስት፣ እነሱም እኩያ አይደሉም፣ ስለዚህ የሆነ መለኪያ መያዛችን አይቀርም።

የማወራው ከ5 እስከ 8 ዓመት ስላሉ ልጆች ነው፣ በአብዛኛው አሜሪካ ላለንና እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ጎን ለጎን ለምናስኬድ። ጀርመን ያላችሁ እዛ ሆምስኩል በህግ ስለማይፈቀድ ቀጥታ ወደ አማርኛው ክፍል ውረዱ፣ እሱ የትም አገር ይሰራል።

ለቸኮለ ሰው መልሴ ይሄ ነው፦ ለራሳችሁ ለማወቅ እርሳስና ወረቀት፣ በዓመት ሶስቴ ነጻው የአንድ ደቂቃ ቴስት፣ ስቴቱ ማስረጃ ከጠየቃችሁ ደግሞ የገምጋሚ ደብዳቤ። አፑንና የመጽሐፍ ሌቭሉን መጽሐፍ ለመምረጥ ተጠቀሙበት እንጂ በሱ ልጃችሁን አትመዝኑ። ጊዜ ያላችሁ ቀጥሉ።

መጀመሪያ የምትለኩት ለማን ነው?

ለመንግስት የሚለካና ለራስ የሚለካ ይለያያል፣ ብዙ ሰው አንድ ቴስት ገዝቶ ለሁለቱም ሊያደርገው ይፈልግና ለሁለቱም ሳይሆንለት ይቀራል።

ቨርጂኒያ ላይ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 1 ልጁ እየተሻሻለ ለመሆኑ ማስረጃ ማስገባት አለባችሁ። ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው፣ ወይ ውጤቱ ከመላ አገሪቱ እኩዮች ጋር የሚወዳደር ቴስት ወስዶ 4ኛ ስታናይን (ውጤትን ከ1 እስከ 9 የሚከፍል ደረጃ ነው) ወይ ከዛ በላይ ማምጣት፣ ወይ ፈቃድ ያለው መምህር ወይም ማስተርስና ከዛ በላይ ያለው ሰው ልጁን ገምግሞ ደብዳቤ ይጽፍለታል። «4ኛ ስታናይን» ሲባል ይከብዳል እንጂ የሚጀምረው 23ኛ ፐርሰንታይል አካባቢ ነው፣ ማለትም ከመቶ እኩያ ሃያ ሶስት ያህሉን ከበለጠ አልፏል። ሴፕቴምበር 30 ላይ 6 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ደግሞ ይሄ ማስረጃ አይመለከተውም፣ ስለዚህ የ5 ዓመት ልጅ ይዛችሁ ስለ ቴስት እንቅልፍ የምታጡ እባካችሁ ተረጋጉ።

ሜሪላንድ ቴስት አይጠይቅም፣ ፖርትፎሊዮ ማለትም የልጁን ስራዎች ስብስብ ነው የሚያየው፣ በዓመትም ከሶስት ጊዜ አይበልጥም። ሚኒሶታ ከ7 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ቴስት ይፈልጋል። ቴክሳስ ያላችሁ ቴስትም ሪፖርትም የሚጠይቃችሁ የለም፣ ግን እናንተ ናችሁ ከሁሉም በላይ የራሳችሁን መለኪያ መያዝ ያለባችሁ፣ ማንም መጥቶ «ይሄ ልጅ ምን ሆነ?» ስለማይላችሁ።

የዓመቱ ትልቁ ቴስት

አዮዋ፣ ስታንፎርድ፣ ካሊፎርኒያ የሚባሉት ቴስቶች ማለት ነው። አዝዛችሁ ቤት የምትፈትኑባቸው አሉ፣ ኦንላይንም አለ፣ አንዳንዱ ሻጭ ፈታኙ ዲግሪ ይኑረው ይላል። ጥቅሙ አንድ ነው፣ ልጃችሁን ከማታውቋቸው ሺህ እኩዮቹ ጋር ያስተያይላችኋል። ጉዳቱ ለትንሽ ልጅ መሆኑ ላይ ነው፣ የስድስት ዓመት ልጅ ክብ ማጥቆሩን እንጂ ንባቡን አይደለም የተፈተነው የሚያስብል ቀን አለ፣ ደግሞ የትንንሾቹ ክፍሎች ቴስት ብዙው ጥያቄ በፈታኙ ተነቦ ነው የሚሰጠው ስለዚህ ውጤቱ ውስጥ የመስማት ችሎታም ገብቶበታል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ግሬድ ኢኩዊቫለንት» የሚሉት ቁጥር ነው። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ 3.5 ሲመጣለት እናት ደውላ «ሶስተኛ ክፍል ደርሷል!» ትላለች። አልደረሰም፣ ቁጥሩ የሚለው የአንደኛ ክፍሉን ቴስት ሶስተኛ ክፍል መሀል ላይ ያለ ልጅ ቢወስደው የሚያመጣውን ያህል አመጣ ነው፣ ይሄ ማለት የሶስተኛ ክፍል መጽሐፍ ያነባል ማለት አይደለም። ፐርሰንታይሉን ብቻ ተመልከቱ።

በአጭሩ ስቴታችሁ ካስገደደ ግዙ፣ ካላስገደደ ለ5፣ 6፣ 7 ዓመት ልጅ ብር አታውጡበት።

የአፑና የመጽሐፉ ሌቭል

አፕ ላይ ያለው ደረጃ ልጁ ስንት ጊዜ እንደተጫወተም ይቆጥራል፣ ታላቅ ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ እንደነገረውም አያውቅም። መጽሐፎችን ከቀላል ወደ ከባድ ከኤ እስከ ዜድ የሚደረድረው የመጽሐፍ ሌቭል (እነ «ሌቭል ጄ») ደግሞ የመጀመሪያዎቹ መጽሐፎች ላይ በጣም ያታልላል። ገጹ ላይ «አይ ሲ ኤ ዶግ» ይላል ከላይ ውሻ ተስሏል፣ ቀጥሎ «አይ ሲ ኤ ካት» ይላል ድመት ተስላለች፣ ልጁ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነገሩ ገብቶታል፣ ከዛ በኋላ ስዕሉን እያየ ይሄዳል እናት ደግሞ ቪድዮ ቀርጻ ለአያት ትልካለች። ማጣራት ከፈለጋችሁ ያንኑ አረፍተ ነገር ባዶ ወረቀት ላይ በእጃችሁ ጻፉለት። ስዕል የለም፣ ተራም የለም። እዛ ላይ ካነበበው አንብቧል።

እርሳስና ወረቀት

የኔ ምርጫ ይሄ ነው ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ራኒንግ ሬኮርድ ይሉታል፣ ኒውዚላንዳዊቷ ማሪ ክሌይ ያስለመደችው ነው። ክሌይ ልጅ ቃሉ ሲከብደው ከስዕሉና ከአረፍተ ነገሩ ስሜት ቢገምት እንደ ጥሩ ነገር ነበር የምታየው፣ ይሄኛው ሃሳቧ ዛሬ ብዙ ተቃውሞ አለበት እኔም አልቀበለውም፣ የመቁጠሪያ ዘዴዋ ግን በጣም ጠቃሚ ነው።

ልጁ አይቶት የማያውቅ ገጽ ምረጡ፣ መቶ ቃል ያህል፣ ገና ጀማሪ ከሆነ ሃምሳም ይበቃል። ገጹን ኮፒ አድርጉና እሱ ከመጽሐፉ ያንብብ እናንተ ኮፒው ላይ ተከተሉት። ልክ ላነበበው ራይት፣ ለሳተው በምትኩ ያለውን ቃል ከላይ ጻፉ፣ ለዘለለው ሰረዝ። ተሳስቶ ራሱ ተመልሶ ካረመው «ራ» በሉበት፣ ይሄ ስህተት ተብሎ አይቆጠርም፣ እንደውም ደስ ሊላችሁ የሚገባው እሱ ነው ምክንያቱም እያነበበ ራሱን እየሰማ ነው ማለት ነው። መሀል ላይ እየገባችሁ አታርሙ፣ አውቃለሁ ይከብዳል፣ የሀበሻ ወላጅ ልጁ ሲሳሳት ዝም ብሎ መስማት አልለመደበትም፣ ግን አፋችሁን ያዙ።

ከዛ ሂሳቡ ቀላል ነው። ከመቶ ቃል አራት ከሳተ 96 በመቶ። 95 እና ከዛ በላይ ሲሆን መጽሐፉ ቀሎታል፣ ብቻውን ይዞት ይቀመጥ። ከ90 እስከ 94 ከእናንተ ጋር እየተማረ የሚያነበው ነው። ከ90 በታች ከሆነ ከበደው፣ መልሱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ ከመቶ አስር ቃል መሳት ጥቂት ይመስላል ግን በየአረፍተ ነገሩ አንድ ቃል እየጎደለ ማንበብ ማለት ነው፣ ታሪኩ ምንም አይገባም።

ግን እውነቱን ለመናገር ከቁጥሩ ይልቅ የጻፋችሁት ስህተት ነው ወርቁ። «ሆርስ» የሚለውን «ፖኒ» ብሎ ካነበበው ፊደሉን አላየውም፣ ያየው ስዕሉን ነው። ያንኑ ቃል «ሃውስ» ካለው ግን ፊደሉን አይቷል፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይዞ መሀሉን ዘሎ ነው የሮጠው። ሁለቱም እኩል አንድ ስህተት ተብለው ይቆጠራሉ መድሃኒታቸው ግን ለየቅል ነው፣ ለመጀመሪያው ስዕሉን ትሸፍናላችሁ ወይ ስዕል የሌለው ታቀርባላችሁ፣ ለሁለተኛው ቃሉን በጣት እየሸፈናችሁ ድምጽ በድምጽ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድበት ታደርጋላችሁ። ይሄን ልዩነት የትኛውም የዓመት ቴስት አይነግራችሁም። በወር አንዴ ይበቃል፣ ወረቀቶቹን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ ሜሪላንድ ላላችሁ ፖርትፎሊዮው ውስጥ ይገባሉ፣ ሌላ ብዙ ጌጣጌጥ አያስፈልግም።

የዚህ መለኪያ ድክመቱ ከሌሎች ልጆች ጋር አለማስተያየቱ ነው። ለሱ ደግሞ የሚቀጥለው አለ።

የአንድ ደቂቃው ቴስት

ዲብልስ ይባላል፣ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያዘጋጀው፣ 8ኛው እትም ከኪንደርጋርተን እስከ 8ኛ ክፍል አለው፣ ወረቀቱን በነጻ ዳውንሎድ ታደርጋላችሁ። በዓመት ሶስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ላይ፣ ብዙው ክፍል አንድ አንድ ደቂቃ ነው። ለትንንሾቹ ከፊደልና ከድምጽ ይጀምራል። ከሁሉም የምወደው ትርጉም የሌላቸውን ቃላት የሚያስነብበው ክፍል ነው፣ «ቪብ»፣ «ሉም» ምናምን አይነት። ልጁ እንዲህ አይነት ቃል አይቶ አያውቅም ስለዚህ ሊሸመድደው አይችልም፣ ስዕልም የለውም፣ ያለው አማራጭ ፊደሉን ወደ ድምጽ መቀየር ብቻ ነው። ጥሩ «አንባቢ» ሲባል የከረመ ልጅ እዚህ ላይ ቀጥ ሲል ታያላችሁ።

ለታሪክ ንባቡ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ትቆጥራላችሁ፣ ሶስት ሰከንድ ቃሉ ላይ ከቆመ ንገሩትና ስህተት በሉት። ውጤቱን ከምን ጋር እናስተያየው ካላችሁ ዲብልስ የራሱ ሰንጠረዥ አለው፣ ሀስብሩክና ቲንዳል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡትንም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ በሱ መሰረት ከእኩዮቹ መሀል ላይ ያለ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲያልቅ በደቂቃ 60 ቃል፣ ሁለተኛ ክፍል ሲያልቅ 100፣ ሶስተኛ ሲያልቅ 112 አካባቢ ያነባል። አስር ቃል ከፍ ዝቅ ቢል ምንም ማለት አይደለም። እና ደግሞ አንደኛ ክፍል መሀል ላይ ይሄው ቁጥር 29 ብቻ ነው፣ በግማሽ ዓመት ውስጥ ነው እጥፍ የሚሆነው፣ ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ የሚንተባተብ ልጅ ማየት የተለመደ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሰዓቱን ልጁ ፊት አታስቀምጡ። ሰዓት የሚያይ ልጅ ይሮጣል፣ ከሮጠ የምትለኩት ሌላ ነገር ነው።

እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ልጅ

ይሄ ለኛ ቤት ዋና ነገር ነው፣ ብዙ ፈታኝም ይዘነጋዋል። ጎፍና ተንመር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ሃሳብ አለ፣ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደሉን ወደ ድምጽ የመቀየር ችሎታ በቋንቋ ችሎታ ሲባዛ ነው የሚል። ሲባዛ ነው ያሉት፣ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ የእንግሊዝኛውን ገጽ እንደ ውሃ ያንበለብለውና «ምን ተባለ?» ስትሉት ትከሻውን ይነቀንቃል። እንግዲህ የማንበብ ችግር ነው ወይስ የቋንቋ?

መለያው ቀላል ነው፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ገጽ እናንተ አንብቡለትና ጠይቁት። ሰምቶ ከገባው ሲያነብ ግን ካልገባው ጉልበቱ ሁሉ ፊደል መግጠም ላይ አልቋል፣ እዛ ላይ ስሩ። ሰምቶም ካልገባው ንባቡ ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ቃላት ነው፣ መፍትሄውም ብዙ እያነበባችሁለት ማውራት ነው። እንደውም አማርኛ የምታወሩበትን ሰዓት ቀንሱ የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት፣ በአማርኛ የገባው ሃሳብ እንግሊዝኛውን ሲማር ስሙን ብቻ ነው የሚለውጠው።

አማርኛውስ?

ለአማርኛ ከሱቅ የሚገዛ ቴስት አትጠብቁ፣ ግን ራሳችሁ መስራት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ያለውን የፊደል ገበታ እንርሳው። ልጆቹ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያሉ ዜማውን ይዘውት ነው የሚሄዱት፣ ጣታቸውን ተመልከቱ፣ አፋቸው «ሖ» ላይ ሲደርስ ጣታቸው ገና «ሓ» ላይ ነው። የድሮ የኔታዎች ይሄን በደንብ ያውቁት ነበር፣ ለዛ ነው ሀሁ ያለቀለት ተማሪ ወደ አቡጊዳ የሚሻገረው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አንዱ ግዕዝ፣ አንዱ ካዕብ፣ አንዱ ሳልስ፣ ፊደሉም ቤቱም በየደረጃው ስለሚቀየር የሀሁ ዜማ አያድንም። ግን አቡጊዳም ራሱ በቃል ይያዛል፣ ስለዚህ እናንተ ተራውን በትኑት። አስር በአስር መስመር አስምሩና መቶ ፊደል በዘፈቀደ ጻፉ፣ በአንድ ደቂቃ ስንቱን በትክክል እንደሚል ቁጠሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ በትምህርት ቤቶች የተሰራበት ኢግራ የሚባለው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘናም በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ፊደል፣ ከዛ የታወቀ ቃል፣ ከዛ ትርጉም የሌለው ቃል፣ ከዛ አጭር ታሪክና ጥያቄ። ቅርጹን እንዳለ ውሰዱት።

ስህተቱን እዚህም ጻፉት። «ሰ»ን «ሸ»፣ «ነ»ን «ኘ»፣ «ጠ»ን «ጨ» ካለ መለያዋን ጭረት አላያትም። «ሊ»ን «ሌ» ካለ ቤቱን ነው የሳተው። ሳድስ ላይ ብቻ ከተንገዳገደ («ል»፣ «ር»፣ «ን») የሚጠበቅ ነው፣ ሳድስ እንደሌሎቹ አንድ አይነት ምልክት የለውም፣ በዛ ላይ አንዳንዴ ድምጽ አለው አንዳንዴ የለውም። «ሀ» «ሐ» «ኀ»ን መለየት ግን ለ6 ዓመት ልጅ ፈተና አታድርጉት፣ እኛም በስልክ ስንጽፍ እያምታታን ነው።

ለአረፍተ ነገር «አበበ በሶ በላ»ን አትጠቀሙ፣ «ጫላ ጩቤ ጨበጠ»ንም እንደዛው፣ እነሱን ማንበብ ሳይጀምር ነው የሚያውቃቸው። «በሶ አበበን በላ» ብላችሁ ጻፉለት። ካልሳቀ አላነበበም።

መረዳቱን የምታዩበት ደግሞ ጥሩ ዘዴ አለ፣ የሚጠብቅና የሚላላ ቃል ስጡት። «አባባ ገና አልመጣም» እና «ለገና አዲስ ልብስ ተገዛልኝ» ብላችሁ ጻፉ። ጽሁፉ ላይ «ገና» ያው አንድ ነው፣ የበዓሉን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ ካነበበ ቃሉን አይደለም አረፍተ ነገሩን ነው ያነበበው። «ዋና» እና «አለ»ም እንደዚሁ ይሰራሉ።

የእንግሊዝኛውን 60 እና 100 ቃል አማርኛው ላይ እንዳታመጡት። «አልመጣችም» አንድ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛው ሶስት ቃል ያወጣበታል፣ ስለዚህ አማርኛ ላይ በደቂቃ የሚነበበው ቃል ቢያንስ አይግረማችሁ። ልጁን ካለፈው ወሩ ጋር ብቻ አስተያዩት።

ገምጋሚውና የሚያሳስብ ነገር ሲኖር

ቨርጂኒያ ላላችሁ ለትንሽ ልጅ ከቴስቱ ደብዳቤውን እመርጣለሁ፣ ግን ገምጋሚውን ስትመርጡ «ልጁን ሲያነብ ትሰሚዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብር ተቀብሎ ወረቀት ብቻ አይቶ የሚፈርም አለ፣ ህጉን ያሟላላችሁ ይሆናል፣ ስለ ልጃችሁ ግን የሚነግራችሁ የለም። ጥሩዋ ገምጋሚ ልጁን አስነብባ፣ የናንተን ወረቀቶች አገላብጣ፣ ቀጥሎ ምን ላይ ብትሰሩ እንደሚሻል ትነግራችኋለች።

አንደኛ ክፍልን ጨርሶ ሶስት ድምጽ ያለው ቃል መግጠም ያቃተው፣ ትናንት ያነበበውን ቃል ዛሬ እንደ አዲስ የሚያይ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ ማንበብ የከበደው ሰው ያለበት ልጅ ከሆነ «ልጅ ነው ይደርስበታል» ብላችሁ ዓመት አትጠብቁ። በሁለቱም ቋንቋ እኩል ከከበደው ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ፣ የቋንቋ ለውጥ ብቻ ቢሆን አንዱ ላይ ይቀለው ነበር። ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፣ ቀጥሎ የአካባቢያችሁን ስኩል ዲስትሪክት የስፔሻል ኢዱኬሽን ቢሮ ግምገማ ጠይቁ። አይዲኢኤ የሚባለው የፌደራል ህግ ዲስትሪክቶች የመማር ችግር ያለባቸውን ልጆች ፈልገው እንዲገመግሙ ያስገድዳል፣ ትምህርት ቤታቸው ያልተመዘገበም ቢሆን ጠይቁ፣ ግምገማው በነጻ ነው። በስልክ አይሁን፣ በጽሁፍ ይሁን፣ ኢሜይልም ይሆናል፣ ቀን ይኑረው፣ ያ የሰበሰባችሁትንም ወረቀት ከስህተቶቹ ጋር አያይዙት። እንግሊዝኛ ያልቀናችሁ ደግሞ አስተርጓሚ ይመደብልን በሉ፣ መብታችሁ ነው።